የድምፅ አደራ

ወንድሜ ሞቲ ሲናገር ይንተባተብ ነበር። እናታችንን የሚጠራት በስሟ ነው። ሙሉጌጥ ማለት ስለሚረዝምበት «ሙሌ» ይላታል፤ እሱም ቢሆን ባንዴ አይወጣለትም። ገና ከአጥሩ ውጭ ሆኖ «ሙ... ሙ... ሙሌ» ሲል፣ እናቴ ከውስጥ «ግባና እዚህ ጨርሰው» ትለዋለች። ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። እናቴ ከሌላ ሰው ጋር እንደዚያ ስትስቅ አይቼ አላውቅም።

ማይክራፎን ፊት ሲቆም ግን መንተባተቡ ብን ብሎ ይጠፋል። ለምን እንደሆነ እሱም አያውቀውም።

የካ ሚካኤል አጠገብ ልደቱ የሚባል ሰው ቪዲዮ ቤት ነበረው። ከፊት ለፊት ዲስክ ያከራያል። ከጀርባ፣ ግድግዳዋ በአሮጌ ፍራሽ በተሸፈነ ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ የውጭ ፊልሞችን ወደ አማርኛ እየመለሰ፣ የሰፈር ልጆችን ሰብስቦ ድምፅ ያስቀዳል። ከሁሉም አብልጦ የሚወደው «የሩቅ ወደብ» የሚባለውን ተከታታይ ፊልም ነበር። በጠፈር መካከል ስለቆመች አንዲት የመርከቦች ማረፊያ፣ ከየኮከቡም ወደዚያ ስለሚመጡ ሕዝቦች የሚተርክ፣ እኔ ሳልወለድ የተጀመረና ያኔም ያላለቀ ታሪክ ነው። ከነዚያ ሕዝቦች መካከል ቆዳቸው የዝናብ ደመና የሚመስለው ኤዛሮች አሉ። የኤዛሮቹን ሽማግሌ፣ ታርቃንን፣ የሚናገረው ሞቲ ነበር። ሃያ ዓመት እንኳ በወጉ ያልሞላው ወንድሜ እዚያች ክፍል ሲገባ የሺህ ዓመት አዛውንት ይሆናል፤ ቃሉን አንድ በአንድ፣ ረጋ አድርጎ ያስቀምጠዋል።

ኤዛሮች በገዛ ቋንቋቸው የሚነጋገሩበት ቦታም ነበረ። ልደቱ የሚተረጉመው ሲያጣ «እንደመጣልህ በል» አለው። ሞቲም የአያታችንን ኦሮምኛ እየሰባበረ አስገባበት። ኤዛሮች ሲለያዩ «ነጋቲ» ይባባላሉ። እኛም ቤት ሰው ሲሰናበት «ነጋቲ» ነው የሚባለው፤ በሰላም ማለት ነው። ስለዚህ ኤዛሮች ሩቅ አገር የሄዱ ዘመዶቻችን ናቸው ብዬ አምን ነበር። አባቴን «አያቶቻችን ናቸው አይደል?» ብዬ ጠይቄው፣ ሳያየኝ «ሊሆኑ ይችላሉ» ብሎኛል።

አባቴ ሚልኬሳ ያን ጊዜ ሰው ፊት ለፊት ማየት ትቶ ነበር። ቤታችን ካራ ነው። ከቤታችን በታች ያለው ሜዳ ድሮ የእሱ እርሻ እንደነበረ፣ ጤፍና ሽንብራ ይበቅልበት እንደነበረ ይነግሩኛል፤ እኔ የማስታውሰው ግን ፎቆቹን ብቻ ነው። በየጊዜው ከፍ ይላሉ፤ ዙሪያቸው በባሕር ዛፍ መወጣጫ ታጥሮ፣ ከሩቅ ሲታዩ ቅርጫት ይመስላሉ። አባቴ የሲሚንቶው መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ፤ በገዛ ማሳው ላይ መሆኑ ነው። ሞቲ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሲቀመጥም የቀን ሠራተኞቹን አለቃ፣ ካቦውን፣ ለምኖ ልስን ላይ ያስገባው እሱ ነበር። እናቴ ደስ አላላትም። «ከፍታ ላይ ነው» አለች። አባቴ «ሁሉም ልጅ እዚያ ላይ ነው» አላት። ይህን ንግግራቸውን የማስታውሰው ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ስላልተነጋገሩ ነው።

ሞቲ ቀን ልስን ይለስናል፣ ማታ ማታ ሲመቸው ልደቱ ጋ ይሄዳል። ቅዳሜ ከሰዓት እኔንም ይዞኝ ይሄድ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጵርስቅላ የምትባል፣ ተከታታዩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ደጋግማ ያየች የሰፈር ተማሪ ወደ ሱቁ ገብታ፣ ዲስኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና ልደቱን ፈተና ውስጥ ከተተችው።

«ጋሽ ልደቱ፣ እነዚህ ኤዛሮች በመጀመሪያው ምዕራፍ ዲዳ አልነበሩም እንዴ? በእጅ ብቻ ነበር የሚግባቡት። አሁን በአራተኛው እንዴት አፍ አወጡ?»

ልደቱ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ደራሲዎቹ ረስተውት ነዋ» አለ።

«እኛ ግን አልረሳንም።»

ይህ ነገር ልደቱን እንቅልፍ ነሳው። ለእሱ ተመልካች ማለት ከዳኛ በላይ ነው። የትናንቱ ከዛሬው ካልገጠመ ታሪክ ሳይሆን ወሬ ነው ይል ነበር። መውጫ ሲፈልግ ሰንብቶ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስንሄድ አግኝቶት ጠበቀን። ፊልሙ ላይ ታርቃን ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ በመስኮት ከዋክብቱን የሚያይበት ቦታ አለ። ጀርባውን ስለሰጠ ከንፈሩ አይታይም። ልደቱ እዚያ ላይ የሚነበብ ነገር ጽፎ ለሞቲ ሰጠው። እኔ ትልቁን የጆሮ ማዳመጫ አጥልቄ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሰማሁት።

«እኛ ኤዛሮች ዲዳ ሆነን አናውቅም» አለ የወንድሜ ድምፅ፣ ያለ አንድ መሰናክል። «ሩቅ የሚሄድ ኤዛር ድምፁን ለሚያምነው ሰው አደራ ሰጥቶ ይሄዳል። በማያውቀው አገር ድምፁ እንዳይሰበርበት። ሲመለስ አደራውን ይቀበላል።»

ልደቱ «ገጠመ» አለ በለሆሳስ።

ሞቲ ከማይክራፎኑ ሲርቅ መንተባተቡ ተመለሰ። «አንተስ ለማን ትሰጣለህ?» አልኩት።

«ይ... ይሄን የተሰባበረ ድ... ድምፅ ማን ይቀበለኛል?»

«እኔ እቀበልሃለሁ» አለ ልደቱ እየሳቀ። «አምጣና እዚህ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው።»

በቅርቡ ያንን የፊልሙን ክፍል ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ በመጀመሪያ ቋንቋው አየሁት። ታርቃን በመስኮቱ በኩል ይመለከታል፤ የሞተር እምምታ ብቻ ይሰማል። የድምፅ አደራ የሚባል ወግ በየትኛውም ምዕራፍ የለም። ዲዳዎቹ ለምን እንደተናገሩ በየአገሩ ያሉ የፊልሙ ወዳጆች እስካሁን በጽሑፍ ይከራከራሉ። ልደቱ ያገኘውን የሚያህል መልስ ያመጣ አላየሁም። እኔ ግን በልጅነቴ ያንን ወግ ከጸሎት እኩል ነበር የተቀበልኩት።

በዚያው ክረምት ማለቂያ እናቴ የልብ ሕመሟ ተነሥቶባት ሆስፒታል ተኛች። ትምህርት እንደተጀመረም አንድ ቀን ገና ደወል ሳይደወል አክስቴ ዳርቱ ከክፍል አስጠርታ ወሰደችኝ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች።

«ለምንድን ነው እንዲህ የለበስሽው?»

«ብርድ ነው ሀዊዬ። ነይ፣ እኔ ጋ ትሰነብቺያለሽ።»

ቤቷ እንጦጦ ዳገት ላይ፣ ባሕር ዛፉ መሐል ነው። እንደ ልዕልት ተያዝኩ። ማርና ዳቦ በሞሰብ ቀረበልኝ፤ እንደፈለግሁ ልሩጥ ተፈቀደልኝ። አክስቴ በየሰዓቱ ወደ ዛፎቹ ውስጥ እየገባች ዓይኗ አብጦ ትመለሳለች። ስጠይቃት ቅጠሉ ዓይን ያቃጥላል አለችኝ። እኔም እየሄድኩ ቅጠሉን እያሸሁ ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት፤ አላቃጠለኝም፤ ትልልቅ ሰዎች ዓይናቸው ለስላሳ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቅርፊቱ ከግንዱ ላይ እንደ ወረቀት ተልጦ ይወድቃል። እየሰበሰብኩ የኤዛሮችን መርከብ ሠራሁበት።

እኔ ያንን መርከብ በምሠራበት ቀን ታች የካ ሚካኤል ወንድሜን እየቀበሩት ነበር። ከላይኛው ፎቅ መወጣጫ ላይ ነው የወደቀው። መጋዘኑ በር ላይ የቆመው አባቴ ድምፁን ሰምቶ የሲሚንቶ ከረጢት የወደቀ መስሎት፣ ለመቆጣት ነበር የዞረው። ይህን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ቤት ስመለስ ሞቲ የለም። አባቴ «ፊልድ ሄዷል» አለኝ። ጋምቤላ፣ መንገድ ሥራ። ኔትወርክ እንደልብ የለም። ሳይሰናበተኝ በመሄዱ አኮረፍኩ። ጎረቤቶች በመንገድ ሲያገኙኝ ከረሜላ ይሰጡኝ፣ ራሴን ዳብሰውኝ ቶሎ ያልፉ ነበር። ሐኪሙ እናቴን ወደ ቤት ሲልካት አባቴን ለብቻው ጠርቶ ድንገተኛ ነገር እንዳታሰሟት ብሎታል። ሰፈሩ ሁሉ ይህን ቃል ያዘ። ሴቶቹ ሊጠይቋት ሲመጡ ጥቁሩን ልብስ ቀይረው፣ የተስተካከለ ነጠላ ለብሰው ይገባሉ፤ «እግዜር ይማርሽ» ይላሉ፤ ሳይቆዩ ይነሣሉ። እኔ ሽታዋን ፈርተው ነው ብዬ ተናደድኩባቸው፤ የሆስፒታል ሽታ ነበራት።

በዚያ ሰሞን የ«ሩቅ ወደብ» አዲስ ዲስክ ወጣ። ጵርስቅላ ቤት ተሰብስበን አየነው። ታርቃን ብቅ አለ፤ አፉ ተከፈተ፤ ድምፅ የለም። ሌሎቹ ይናገራሉ፣ እሱ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ዝምታ ብቻ። ልጆቹ ዲስኩ ተበላሽቷል ብለው ጮኹ። ጵርስቅላ ግን እኔን አየችኝና ተነሥታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። እኔ አልገረመኝም። እንዲያውም ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ሞቲ ሩቅ ሄዷል፤ ሩቅ የሚሄድ ደግሞ ድምፁን ይዞ አይሄድም።

ያሰብኩትን በዓይኔ ያረጋገጥኩት ብዙም ሳይቆይ ነው። አባቴ ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ መጥቶ በልደቱ ሱቅ በኩል አለፍን። «እዚህ ቁጭ በይ» ብሎኝ ወደ ጀርባ ገባ። ትንሽ ቆይቼ ከፍራሾቹ ጀርባ የወንድሜን ድምፅ ሰማሁ።

«ሙሌ፣ ደኅና ነኝ። አይዞሽ። እዚህ ሙቀት ነው እንጂ ሌላ ችግር የለም። መድኃኒትሽን እየወሰድሽ ነው?»

በሩን ቀስ አድርጌ ገፋሁት። አባቴ ግንባሩን ፍራሹ ላይ አስደግፎ ቆሟል። ልደቱ ዓይኑን ጨፍኖ ስልክ ይዟል፤ ድምፁ የሚወጣው ከእሱ አፍ ነው። ሰላምታ ሰጥቶ ዘጋው። ከዚያ ብርጭቆ ውኃ አንሥቶ ተጉመጠመጠና ቆሻሻ መጣያው ላይ ተፋው።

«ጋሽ ሚልኬሳ፣ ከእንግዲህ አይሆንልኝም» አለ። «ይፍረዱኝ። እኔ ነኝ እሱን እንዲህ ማውራት ያስተማርኩት።»

አባቴ አልዞረም። «እስክትበረታ ነው ልጄ። እስክትበረታ ብቻ።»

«እሳቸው ናቸው ወይስ እርስዎ የሚበረቱት?»

ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ልቤ በደስታ ይመታ ነበር። ሞቲ ቃሉን ጠብቆ ድምፁን ለልደቱ ሰጥቶታል። አደራ ያስቀመጠ ሰው ደግሞ ሊወስድ ይመጣል።

ምሥጢር መያዝ አልቻልኩም። በማግስቱ እናቴ ደጅ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ የሞቲን ጃኬት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ነበር። ፊቷን ኮሌታው ውስጥ ቀብራ ቆየች። ሳያት ቀና ብላ «መታጠብ ይፈልግ እንደሆነ እያሸተትኩ ነው» አለችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፦ ታርቃንን፣ አደራውን፣ የልደቱን የተጨፈኑ ዓይኖች፣ አባቴ ግንባሩን ፍራሹ ላይ አስደግፎ መቆሙን። እናቴ ጃኬቱን ቀስ ብላ አጠፈችው።

«ለአባትሽ ነግረሽዋል? ማየትሽን?»

«አልነገርኩትም።»

«አትንገሪው። እኔም እንደማውቅ አትንገሪው።»

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን» አለች።

ለካ እሷም የኤዛሮችን ወግ ታውቃለች ብዬ ተደነቅሁ። ፊልሙን ቁጭ ብላ ስታየው አንድ ቀን እንኳ አላየኋትም። «ታዲያ መቼ ነው የሚመጣው?» አልኳት። ወደ ፎቆቹ ዞረች። «አባትሽ እህል የሚቀምሰው ስልኩ የተደወለ ቀን ብቻ ነው። አላየሽም?»

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እንዴት እንዳወቀች ስጠይቃት እናቴ ያለችኝ ይህን ነው፦ «ልጄ ስሜን ባንድ ጊዜ ጠርቶኝ አያውቅም። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው 'ሙሌ' ሲለኝ ልጄ እንደሌለ አወቅሁ። ቀና ስል ሚልኬሳ በር ላይ አቀርቅሮ ቆሞ ያዳምጣል። እኔ ብወድቅ እሱ እንደማይነሣ ታየኝ። 'ደኅና ነህ ወይ ልጄ' አልኩ።» ልደቱንም አግኝቼ ጠይቄዋለሁ። አሁን ሸምግሏል፤ ሱቁም የለም። የሞቲን ድምፅ እንዲያ ሲያስመስል መንተባተቡን ለምን እንደተወው ነበር ጥያቄዬ። «አቃተኝ» አለኝ። «አንድ ጊዜ ሞከርኩት። ልጁ ላይ የማሾፍበት መሰለኝና ተውኩት። እንደ ታርቃን አድርጌ ተናገርኩ። እናትሽ ያውቁብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሲመልሱልኝ ግን አመኑ ብዬ ደነገጥኩ።»

ስልኩ ከዚያ በኋላም መጣ። እናቴ ተቀብላ ትመክራለች፦ ውኃ አፍልተህ ጠጣ፤ ወባ አለ፤ አጎበር ሳትዘረጋ አትተኛ። አባቴ ከበሩ ጀርባ ይቆማል። እሷ እንዳላየችው ትሆናለች። ስልኩን ስትዘጋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ጠግቦ እየበላ ነው መሰለኝ፤ ድምፁ ወፍሯል» ትላለች፤ እንዲሰማት። አባቴም ገብቶ ይቀመጥና ራት ይበላል። ሁለቱም አንዱ ሌላውን ተሸክመው፣ እኔን መሐል አስቀምጠው፣ በዚያች ቤት ውስጥ ሰላም ያለ ያስመስሉ ነበር። እኔ እውነት ሰላም መስሎኛል። በሕይወቴ ቤታችን እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

በመጨረሻ ልደቱ እምቢ አለ። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ኃይለ መስቀልም አባቴን ጠርተው፣ ሴትዮዋ ልቧ ጸንቷል፣ ሐኪሙም ፈቅዷል፣ የልጅን ሞት ከእናቱ መደበቅ ይብቃ አሉት። መርዶው የሚነገርበትን ቀን ቆረጡ።

ያን ቀን ጎህ ሲቀድ የነቃሁት በመጥረጊያ ድምፅ ነው። እናቴ ተነሥታ ቤቱን ጠርጋለች። ፍራሾቹን ጥግ ጥግ ዘርግታ፣ ወንበሮቹን ግድግዳውን አስጠግታ ደርድራለች። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ ያንን ቀሚስ ሣጥኑ ግርጌ አጣጥፋ እንደደበቀችው አውቅ ነበር፤ ለበዓል የሰወረችው መስሎኝ ነበር። ከውጭ የእግር ኮቴና ሹክሹክታ ይሰማል። ብዙ ሰዎች አጥሩ አጠገብ ቆመው፣ ማን ቀድሞ ይግባ እየተባባሉ ነው። እናቴ በሩን ከፈተችው።

«ግቡ» አለች። «ብርዱ ላይ አትቁሙ።»

ጋሽ ኃይለ መስቀል ቀድመው ገቡ፤ አክስቴ ዳርቱ፣ ልደቱ፣ ጎረቤቶች ተከተሉ። አባቴ መጨረሻ ገብቶ በሩ መቃን ላይ ተለጠፈ፤ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። ጋሽ ኃይለ መስቀል ነጠላቸውን አስተካክለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሙሉጌጥ፣ እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኖ...»

«ይቆዩኝ ጋሼ» አለቻቸው እናቴ። «ለኔ አይደለም መነገር ያለበት።»

በሰዎቹ መካከል አልፋ አባቴ ጋ ደረሰች። ክንዱን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችው፤ ፍራሹ ላይ አስቀመጠችው፤ ፊት ለፊቱ ተንበርክካ ሁለቱንም እጆቹን ያዘች። አባቴ እንደ ሕፃን ታዘዛት።

«ሚልኬሳ» አለችው። «እየኝ። ሞቲ ሞቷል። ሥራውን ለምነህ ያስገባኸው አንተ ነህ። የጣልከው ግን አንተ አይደለህም።»

አባቴ አያት። ስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም፣ ቀና ብሎ ሰው አየ። አፉ ተከፈተ፤ መጀመሪያ ምንም አልወጣም፤ ከዚያ ከሆዱ ሥር የተነሣ፣ የሰው የማይመስል ጩኸት ወጣ። ልደቱ ግድግዳውን ይዞ ተቀመጠ። አክስቴ ደረቷን መታች። ከሁሉም ቤት በር ሲከፈት፣ ሰው ሲሮጥ፣ ለወራት የታፈነው የሰፈሩ ልቅሶ ባንዴ ሲፈነዳ ተሰማኝ። እናቴ ብቻ አላለቀሰችም፤ የአባቴን ራስ ደረቷ ላይ አስደግፋ እንደ ያዘች ነበር።

እኔ አልጋው ላይ ብርድ ልብሴን ይዤ ተቀምጫለሁ። ማንም አላየኝም። ሞቷል የሚለውን ቃል ሰምቼዋለሁ፤ ግን የሌላ ቋንቋ ቃል ይመስል ከጆሮዬ አልገባም። የሆነ ሰው እንዲተረጉምልኝ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ።

እናቴ ከአባቴ ትከሻ በላይ ቀና ብላ አየችኝ። አንድ እጇን ከእሱ አላቀቀችና ወደ እኔ ዘረጋች።

«ነይ ሀዊ» አለችኝ። «አንቺም ነይ።»